የሃይማኖት አባቶች በነፃነት ተጋድሎው የነበራቸው ፖለቲካዊ ሚና፡ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫን፣ ጅጋን፣ ፍኖተ ሰላምንና ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይደርሳል። በዛሬው ጊዜ በጤፍ፣ በበቆሎና በበርበሬ ምርቱ የሚታወቀው ይህ የምዕራብ ጎጃም ምድር በ1933 ዓ.ም የአምስቱ ዓመት የነፃነት ተጋድሎ ወሳኝ ምዕራፍ የተፈጸመበት የጦር ሜዳ ነበር። የዞኑ ርዕሰ ከተማ ፍኖተ ሰላምም ቀድሞ ወጀት ትባል እንደነበርና የዛሬውን ስሟን ያገኘችው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በአካባቢው ካለፉ በኋላ መሆኑ በአካባቢው ይነገራል። ስሟ በግዕዝ "የሰላም መንገድ" ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የተዋጉት አርበኞች ታሪክ በሰፊው የተነገረ ነው። የሃይማኖት አባቶች የፈጸሙት ፖለቲካዊ ተግባር ግን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰማዕት ስም ብቻ ተጠቅሶ ይታለፋል። በእነዚያ ዓመታት ከኢትዮጵያ ጳጳሳት አንዱ እምቢ ብለው በጥይት ተደበደቡ፤ ሌላው ከወራሪው እጅ ከፍተኛውን የቤተ ክርስቲያን ሹመት ተቀበሉ። ሹመቱን የተቀበሉት የጎጃምና የበጌምድር ጳጳስ ነበሩ። የጎጃም ገበሬና ካህን ግን ጳጳሱ ለወራሪው ባደሩበት ወቅት ጠመንጃውን አነሣ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የሃይማኖት አባት በሀገሪቱ የመንግሥት ሥርዓት ውስጥ የነበረውን ስፍራ አስቀድሞ መመልከት ያስፈልጋል።

አቡኑና እጨጌው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጳጳስ አቡነ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከእስክንድርያ መንበር ከተሾሙ ጀምሮ ለ1 ሺህ 600 ዓመታት ያህል ሊቀ ጳጳሷን የምታገኘው ከግብፅ ነበር። ኢትዮጵያውያን ከመካከላቸው ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚከለክል አንቀጽ በፍትሐ ነገሥት ውስጥ ሰፍሮ ይገኝ ስለነበር አንድ አቡን ሲሞት ሌላ ለማስመጣት መልእክተኛ ወደ ግብፅ መላክ፣ ወርቅና ገጸ በረከት ማቅረብ፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት መጠበቅ ግድ ይል ነበር።

አቡኑ የውጭ ሀገር ሰው በመሆናቸው የቤተ ክህነቱን የዕለት ተዕለት አስተዳደር የሚመሩት የደብረ ሊባኖስ ገዳም አበምኔት የሆኑት ኢትዮጵያዊው እጨጌ ነበሩ። በመሆኑም ሥልጣኑ ለሁለት የተከፈለ ነበር ማለት ይቻላል። ንጉሥ መቀባት፣ ክህነት መስጠትና ማውገዝ የአቡኑ ሲሆን፣ ገዳማትንና ካህናትን ማስተዳደር የእጨጌው ድርሻ ነበር።

ከእነዚህ ሥልጣኖች ሁሉ ለፖለቲካው ቅርብ የነበረው የመሐላ ጉዳይ ነው። መኳንንቱና ሠራዊቱ ለንጉሡ የሚታመኑት በመስቀልና በወንጌል ምለው ነበርና ያንን መሐላ መፍታት የሚችለው የሃይማኖት አባት ብቻ ነው። ለዚህ ጉልህ ማስረጃ የሚሆነው መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በተነሡበት ዕለት የተፈጸመው ድርጊት ነው። መኳንንቱ ለልጅ ኢያሱ የገቡትን መሐላ ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ እስኪፈቱላቸው ድረስ የመንግሥት ለውጡ ሊፈጸም አልቻለም። ሠራዊት የሌለው አባት ሠራዊት ያለውን ሹም ከመሐላው ነፃ ሊያወጣው ወይም በመሐላው ሊያስረው የሚችል መሆኑ የቤተ ክህነቱ ፖለቲካዊ ጉልበት መሠረት ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት

አቡነ ማቴዎስ ካረፉ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ከእስክንድርያ መንበር ጋር ባደረገው ድርድር በ1921 ዓ.ም አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ለመጀመሪያ ጊዜ ጵጵስና ተቀበሉ። እነርሱም ለጎጃምና ለበጌምድር የተሾሙት አቡነ አብርሃም፣ ለወሎ የተሾሙት አቡነ ጴጥሮስ፣ መንበራቸው ጎሬ የሆነው የኢሉባቦሩ አቡነ ሚካኤል እና ለትግራይና ለስሜን የተሾሙት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በዚያው ወቅት ግብፃዊው አቡነ ቄርሎስ ሊቀ ጳጳስ ሆነው መጥተው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ቀብተው አነገሡ።

የድርድሩ ውጤት በከፊል ብቻ የተሳካ ነበር። ኢትዮጵያውያኑ ጳጳሳት ሌሎች ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣን አልተሰጣቸውምና የመጨረሻው ቃል በእስክንድርያ እጅ እንዳለ ቀረ። ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ሙሉ ነፃነት መሻታቸው የታወቀ ነበር። ወራሪው ኃይል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊጠቀምበት የሞከረው ይህንኑ ያልተመለሰ ጥያቄ ነው።

እምቢታና ሰማዕትነት

ፋሽስት ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የመረብን ወንዝ ተሻግራ ወረራውን ጀመረች። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት በኢትዮጵያ ሠራዊት መፈታት ተጠናቀቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ መጨረሻ ወደ ውጭ ሀገር ተሰደዱ፤ የወራሪው ጦርም ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስም ወደ ኢየሩሳሌም ተሰደዱ።

አቡነ ጴጥሮስ ግን በሀገር ቤት ቀሩ። በደብረ ሊባኖስና በሰላሌ አካባቢ ከነበሩት ከራስ ካሣ ልጆችና ከሌሎች አርበኞች ጋር ሆነው አዲስ አበባን ከጠላት እጅ ለማስለቀቅ በተወጠነው ዕቅድ ተሳተፉ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም የተሰነዘረው ጥቃት ሳይሳካ ቀርቶ አርበኞቹ ሲያፈገፍጉ አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ወደቁ። የኢጣሊያንን ገዥነት እንዲቀበሉና አርበኞችን እንዲያወግዙ ሲጠየቁ ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩ። ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀንም በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነትን ተቀበሉ። አቡነ ሚካኤልም በምዕራብ ኢትዮጵያ ተመሳሳይ አቋም በመያዛቸው በ1929 ዓ.ም በጎሬ ተገደሉ።

ወራሪው ኃይል አንድን መነኩሴ በአደባባይ ለመግደል ለምን ቸኮለ የሚለው ጥያቄ መልሱ ከላይ በተገለጸው የመሐላና የውግዘት ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። ንጉሠ ነገሥቱ በሌሉበት፣ ሠራዊቱ በተበተነበት ሰዓት ለገበሬው "ለዚህ መንግሥት መገዛት ኃጢአት ነው" ወይም "አይደለም" ብሎ ሊነግረው የሚችለው የሃይማኖት አባት ነበር። አቡነ ጴጥሮስ የተናገሩት ውግዘት ዝም ቢባል ከአንድ ክፍለ ጦር የበለጠ እንደሚጎዳ ወራሪው አውቆታል።

ደብረ ሊባኖስ

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም በማርሻል ግራዚያኒ ላይ የቦምብ ጥቃት ከተሰነዘረ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ወደ ገዳማትም ተዛመተ። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በሤራው እጃቸው አለበት በማለት እንዲጨፈጨፉ አዘዘ። ትእዛዙ በጄኔራል ማሌቲ አማካይነት ተፈጻሚ የሆነው ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል በተከበረ ማግሥት ሲሆን፣ ቀጥሎም በቀሩት ዲያቆናት ላይ ተመሳሳይ ግድያ ተፈጽሟል። ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው ሪፖርት የተገደሉትን 449 አድርሷቸው ነበር። በቅርብ አሥርት ዓመታት በስፍራው የተካሄደው የታሪክ ጥናት ግን ቁጥሩን ከ1 ሺህ 400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2 ሺህ ያደርሰዋል።

በእነዚያው ወራት በገጠር እየተዘዋወሩ ትንቢት የሚናገሩ፣ የሚተነብዩና የሚያዜሙ ሰዎች ሳይቀሩ እየተያዙ እንዲገደሉ ታዟል። በሕዝቡ ዘንድ የሚደመጥ ቃል ያለው ሰው ሁሉ፣ መሣሪያ ባይታጠቅም፣ እንደ ጠላት ተቆጥሮ ነበር።

ከባዕድ እጅ የተሰጠ ነፃነት

ግድያው ብቻውን ሕዝቡን እንደማያስገዛ የተረዳው ወራሪ ሁለተኛ ዘዴ ነደፈ። ይኸውም ቤተ ክርስቲያኒቱን በራሱ ቁጥጥር ሥር ማድረግ ነበር። ግብፅ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ተጽዕኖ ሥር ስለነበረች የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ ከካይሮ ትእዛዝ የሚቀበሉ መሆናቸው ለኢጣሊያ ቅኝ አገዛዝ ሥጋት ነበር። አቡነ ቄርሎስ ከእስክንድርያ ጋር ያላቸውን ግንኙነት እንዲያቋርጡ ተጠይቀው ወደ ሮም እስከ መሄድ ቢደርሱም ሐሳቡን ባለመቀበላቸው ወደ ግብፅ ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ የኢጣሊያ አስተዳደር በ1930 ዓ.ም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ነፃ መሆኗን አውጆ የጎጃምና የበጌምድሩን ጳጳስ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ አድርጎ ሾመ። አዲሱ ሊቀ ጳጳስም ሌሎች ጳጳሳትን ሾሙ። የእስክንድርያ ሲኖዶስ በበኩሉ ሹመቱን ሕገ ወጥ ብሎ አወገዛቸው። አቡነ አብርሃም በ1931 ዓ.ም ሲያርፉ በምትካቸው አቡነ ዮሐንስ ተቀመጡ።

ነገሩ ከላይ ሲታይ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ለረጅም ዘመን ሲመኙት የነበረው ነፃነት የተገኘ ይመስል ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ጳጳሳትን የመሾም ሥልጣንም ነበራቸው። ነገር ግን ይህን "ነፃነት" የሰጠው የደብረ ሊባኖስን መነኰሳት የጨፈጨፈው ያው ኃይል ነበር። ካህኑም ሆነ ምእመኑ ሹመቱን የመዘነው በሹመቱ ይዘት ሳይሆን በሰጪው እጅ ነው። ይህም በጎጃም በተግባር ታየ።

የጎጃም መነሣሣት

በግንቦት 1928 ዓ.ም ወራሪው ጦር ደብረ ማርቆስ ሲገባ ጎጃም ውስጥ ያጋጠመው ተቃውሞ ቀላል ነበር። የግዛቱ ሠራዊት ከራስ እምሩ ጋር በሰሜን ግንባር ተዋግቶ ተዳክሞ ነበር። አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን፣ በ1929 ዓ.ም ክረምት ማብቂያና በ1930 ዓ.ም መግቢያ፣ መላው ጎጃም በአመፅ ተቀጣጠለ።

ለአመፁ ልዩ ልዩ ምክንያቶች ይጠቀሳሉ። ወራሪው የገበሬውን መሣሪያ ለመግፈፍ መሞከሩ አንዱ ነው፤ በጎጃም ጠመንጃ የመከበሪያና ርስትን የማስጠበቂያ ምልክት ነበርና። ሹማምንቱ በሕዝቡ ላይ የፈጸሙት ግፍ ሁለተኛው ነው። የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት እልቂት ዜናም እጅግ ከፍተኛ ቁጣ አሳደረ። ደብረ ሊባኖስ ከዓባይ ወንዝ ማዶ ጥቂት ቀናት የሚያስኬድ ሥፍራ ሲሆን፣ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ስም በጎጃም ገዳማትና አድባራት የሚከበር በመሆኑ ግድያው እንደ ሩቅ ሀገር ወሬ የሚታይ አልነበረም።

በቡሬ፣ በዳሞትና በአካባቢው ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በምሥራቅ ጎጃም ደግሞ ልጅ ኃይሉ በለውና በላይ ዘለቀ ገበሬውን አሰልፈው ተነሡ። ወራሪው በከተሞችና በዋናው መንገድ ላይ ባሉት ምሽጎች ተወስኖ እንዲቀር ተገደደ። በ1930 ዓ.ም በአውሮፕላን የታገዘ ከፍተኛ ዘመቻ ቢያካሂድም ገጠሩን መልሶ ሊይዝ አልቻለም።

በዚህ ጊዜ የጎጃም ካህናት ምን ያደርጉ እንደነበር ለማስተዋል የገጠሩን አኗኗር ማስታወስ በቂ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የንስሐ አባት አለው። የጋብቻ፣ የቀብር፣ የዕርቅና የመሐላ ጉዳይ ሁሉ ያለ ካህን አይፈጸምም። ሰንበቴውና ማኅበሩ ሰው ሳይጠረጠር የሚገናኝበት ሥፍራ ነው። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው የሚዘዋወረው የቆሎ ተማሪ ወሬና መልእክት ሲያደርስ ማንም ልብ አይለውም። ካህኑ ጠላትን ሲያወግዝ የሚሰማው ጆሮ፣ አርበኛውን ሲያማልልና ሲያስታርቅ የሚገዛለት ሕዝብ ነበረው። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀመጠው ሊቀ ጳጳስ ለወራሪው ቢያድርም ከእርሱ በታች ያለው መዋቅር፣ ማለትም ደብሩ፣ ገዳሙና የንስሐ አባቱ፣ በሕዝቡ እጅ ቀረ።

ዕርቅ እና የኦሜድላው ጉዞ

የጎጃም አርበኞች ትልቁ ድክመት በመካከላቸው የነበረው ሽኩቻ ነበር። ደጃዝማች መንገሻና ደጃዝማች ነጋሽ የአካባቢ ተቀናቃኞች ነበሩ። ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባች በኋላ በነሐሴ ወር ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ጎጃም ገባ። የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል አዛዥ ከበደ ተሰማም አብረው ነበሩ። የቡድኑ ቀዳሚ ተግባር ጠመንጃ ከማደል አስቀድሞ ሁለቱን መሪዎች ማስማማት ነበር። በ1933 ዓ.ም መግቢያ ሁለቱ ደጃዝማቾች ተባብረው ለመዋጋት ቃል ተገባቡ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያረፈባቸው አዋጆችም ከአውሮፕላን እየተበተኑ በገጠሩ ተሰራጩ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል የኢትዮጵያን ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ልጆቻቸው፣ ራስ ካሣና ሌሎች መኳንንት የነበሩ ሲሆን፣ ከኢየሩሳሌም ስደት የመጡት እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስም አብረው ነበሩ። የእጨጌው መገኘት የክብር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ በወራሪው የተሾመ ሊቀ ጳጳስ ተቀምጦ ነበር። ከንጉሡ ጎን ያልተገዛው እጨጌ ሲመጣ ግን ለጎጃም ካህንና ገበሬ ሕጋዊው ቤተ መንግሥትና ሕጋዊው ቤተ ክህነት በአንድ መንገድ እየተመለሱ መሆናቸው በግልጽ ታየ።

ወራሪው በበኩሉ ተመሳሳይ ዘዴ በዓለማዊው ሹመት ሞክሮ ነበር። የቀድሞውን የጎጃም ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ የጎጃምን ሕዝብ እንዲያረጋጉለት አደረገ። ራስ ኃይሉ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ በመሆናቸው በትውልዳቸው የሚታፈሩ ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በሃይማኖቱ በኩል እንደታየው ሁሉ፣ ከባዕድ እጅ የተሰጠው ሹመት ጎጃምን ከአርበኞቹ ሊነጥል አልቻለም።

ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ

በእንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የተመራውና የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይል ከሱዳናውያንና ከኢትዮጵያውያን ወታደሮች የተውጣጣ ሲሆን ቁጥሩ ሁለት ሺህ አይሞላም ነበር። በአንጻሩ ከእንጅባራ እስከ ደብረ ማርቆስ ባለው መንገድ ላይ በየምሽጉ የተቀመጠው የኢጣሊያ ጦር ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። ልዩነቱን ያጠበበው የአካባቢው ሕዝብና አርበኛ ነው።

ዊንጌት ስለ ጠላቱ የተዛባ ግምት እንዲፈጠር በሌሊት እየተንቀሳቀሰ ምሽጎቹን በተለያየ አቅጣጫ አስጨነቀ። በድምፅ ማጉያ በአማርኛ የሚተላለፈው ጥሪ ለኢጣሊያ ያደሩ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከድተው እንዲመጡ የሚጋብዝ ነበር። በሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" ልብ ወለድ ስሟ የታወቀው ማንኩሳም ከተጠቁት ምሽጎች አንዷ ነበረች። በየካቲት ወር ማብቂያ የቡሬ ምሽግ ተከብቦ ሲጨነቅ የኢጣሊያው አዛዥ ኮሎኔል ናታሌ የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም ጦሩን ይዞ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። ከሁለት ቀን በኋላም በቻረቃ ወንዝ ዳር ከኢትዮጵያውያኑ ሻለቃ ጋር ተጋጥሞ ከባድ ውጊያ ተካሄደ። ሻለቃው ከባድ ጉዳት ቢደርስበትም ጠላት በደምበጫ መቆየት ሳይችል ቀርቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ሸሸ።

በዚህ ሁኔታ ንጉሠ ነገሥቱና እጨጌው ቡሬን፣ የዛሬዋን ፍኖተ ሰላምንና ደምበጫን አልፈው መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ኃይሉም እጃቸውን ሰጡ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም፣ ወራሪው አዲስ አበባ ከገባበት ቀን ልክ አምስት ዓመት ሲሞላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸው ገቡ።

ከነፃነት በኋላ

ወራሪው ሲወጣ ያወጀው የቤተ ክርስቲያን "ነፃነት" ውድቅ ሆነ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህ ጊዜ የወሰደው አቋም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በኢጣሊያኖች የተሾሙትን ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ በመንበሩ አቆይቶ ከግብፅ መለየት ይችል ነበር። ይህን አላደረገም። አቡነ ቄርሎስ በ1934 ዓ.ም ወደ መንበራቸው እንዲመለሱ ተደረገ፤ ከእስክንድርያ ጋርም አዲስ ድርድር ተጀመረ።

ድርድሩ ብዙ ጊዜ እየተቋረጠ በመጨረሻ በሐምሌ 1940 ዓ.ም ከስምምነት ተደረሰ። ሐምሌ 18 ቀን እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ "አቡነ ባስልዮስ" ተብለው ከሌሎች አራት ኢትዮጵያውያን ጋር በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ። ከአራቱ አንዱ በጎጃም ደብረ ኤልያስ የተወለዱት አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። አቡነ ቄርሎስ በ1943 ዓ.ም መጀመሪያ ሲያርፉ አቡነ ባስልዮስ ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም ደግሞ በካይሮ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በ1930 ዓ.ም በአንድ የቅኝ ገዥ አዋጅ የተሰጠው ሹመት ሦስት ዓመት ተኩል እንኳ ሳይቆይ ሲፈርስ፣ በድርድርና በሕግ የተገኘው ግን ጸንቶ እስከ ዛሬ አለ።

የዚህ ትምህርት ሌላ ገጽታ ከጊዜ በኋላ በሀገር ውስጥ መንግሥትም ታይቷል። በ1963 ዓ.ም ሁለተኛው ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም በደርግ ትእዛዝ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም ተገደሉ። አፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው ከደርግ ውድቀት በኋላ በ1984 ዓ.ም ነው። መንበርን በኃይል መስጠት እንደማያጸና ሁሉ በኃይል መንጠቅም ከሕዝብ ልብ እንደማያወጣ የእርሳቸው ታሪክ ያሳያል።

ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር

የሃይማኖት አባት በነፃነት ተጋድሎ መሪ ሆኖ መታየቱ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 ሞንጎሊያ ከቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ነፃነቷን ስታውጅ በዙፋኑ ላይ ያስቀመጠችው የሀገሪቱን ከፍተኛ የቡድሃ ሃይማኖት መሪ ነበር። "ቦግድ ኻን" ወይም ቅዱስ ንጉሥ የተባለው ይህ ሰው የተወለደው ቲቤት ውስጥ ሲሆን፣ ሞንጎላውያን መሳፍንት ግን እርስ በርሳቸው ከመፎካከር ይልቅ ሁሉም በሚያከብረው የሃይማኖት አባት ጥላ ሥር መሰባሰብን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1919 የቻይና ጦር ነፃነቱን ቢሽረውም በ1921 ወደ ዙፋኑ ተመልሶ፣ በሥልጣን ረገድ ግን ተገድቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 እስኪሞት ቆይቷል።

ሁለቱን ስናነጻጽር ልዩነቱ ግልጽ ነው። በሞንጎሊያ የሃይማኖቱ መሪ ራሱ ነገሠ። በኢትዮጵያ ግን ዙፋኑና መንበሩ ለየብቻ የቆሙ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ያጸድቅ ነበር። እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ ከኦሜድላ እስከ አዲስ አበባ የተጓዙት ሥልጣን ለመያዝ ሳይሆን ሥልጣን ለባለቤቱ መመለሱን ለመመስከር ነው። በሁለቱም ሀገሮች ግን አንድ የጋራ ነገር ይታያል። የተከፋፈሉ መሪዎችን ለማሰባሰብ የሃይማኖት አባት ከማንኛውም የጦር አለቃ የተሻለ ተቀባይነት ነበረው።

ለዛሬው ትውልድ

በአዲስ አበባ አራዳ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለቀላል ባቡር ግንባታ በ2005 ዓ.ም ተነሥቶ ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም ወደ ስፍራው ተመልሷል። በቡሬ፣ በማንኩሳና በደምበጫ የተፈጸመው ታሪክ ግን ይህን የመሰለ ጎልቶ የሚታይ መታሰቢያ አላገኘም። በየደብሩ ያሉ አረጋውያን ካህናትና የአርበኛ ቤተሰቦች የሚያውቁት ታሪክ በጽሑፍ ሳይሰፍር ከእነርሱ ጋር እንዳያልፍ ማሰባሰብ ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶች፣ ለትምህርት ተቋማትና ለቤተ ክህነት የተተወ የቤት ሥራ ነው።

ታሪኩ ለመንግሥት ሠራተኛና ለኃላፊም የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ወራሪው ማኅተም፣ ደመወዝና ጦር ነበረው፤ ሊቀ ጳጳስም ሾመ፤ የጎጃምን ባላባትም ወደ ጎጃም መለሰ። ያጣው አንድ ነገር የሕዝቡን ቅቡልነት ነበር። ሹመት በደብዳቤ ይሰጣል፤ ተቀባይነት ግን የሚገኘው ሹመቱ ከየት እንደመጣና ለማን እንደሚያገለግል ከሚመዝነው ሕዝብ ዘንድ ብቻ ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው መንገድ በ1933 ዓ.ም ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።